ልጆች የሚሰሙትን ቃል በፊደል ማስፈርን እንዴት ይለምዳሉ?

ፊደል መቍጠርና ቃል መጻፍ አንድ ነገር አይደሉም። ፊደል የሚቈጥር ልጅ የተጻፈ ምልክት አይቶ ድምፁን ያወጣል፤ ቃል የሚጽፍ ልጅ ግን መንገዱ ተገላቢጦሽ ነው። በጆሮው የሰማውን ወይም በልቡ ያሰበውን ቃል በድምፅ በድምፁ ይለያያል፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ የሚስማማውን ምልክት ከብዙዎቹ መካከል ይመርጣል፤ የመረጠውንም በተራ በተራው ያሰፍራል። እናንተ ይህን ሥራ ከለመዳችሁት ብዙ ዓመት ስለ ሆነ ድካሙ ትዝ አይላችሁ ይሆናል። እጃችሁ ከአሳባችሁ ጋር እኩል ይሮጣል። የ6 ወይም የ7 ዓመት ልጅ ግን አንድ ቃል ለመጻፍ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቃሉን ደጋግሞ ለራሱ ሲያንሾካሹክ ብታዩት፣ ሥራው እጅግ ከባድ መሆኑን ትረዳላችሁ።

በዚህ ምንባብ የምንመለከታቸው ልጆች በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች፣ በዙሪያቸውም ባሉ መንደሮች የሚያድጉ ናቸው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ቀድሞ በዚሁ ዞን ሥር ነበረች፤ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ግን የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። እነዚህን ሁለት ከተሞች የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በእነርሱ የሚያድግ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በገበያና በትምህርት ቤት አማርኛን፣ በምድጃው ዙሪያ ደግሞ ከጉራጌ ቋንቋዎች አንዱን ይሰማል። በእጁ የሚጽፈው ግን ለአማርኛ ድምፆች የተሰናዳውን ፊደል ነው። የጆሮና የእጅ አለመገናኘት ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

አስቀድመን ፊደሉ ከልጁ የሚጠይቀውን እንይ። የአማርኛ ፊደል በተለመደው አቈጣጠር 33 ሆሄያት አሉት። እያንዳንዱ ሆሄ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስና ሳብዕ እየተባለ በ7 መልክ ስለሚጻፍ ድምሩ 231 ይሆናል። ቈ፣ ኈ፣ ኰና ጐ የተባሉት ዲቃሎች እያንዳንዳቸው በ5 መልክ ሲታከሉ 251 ይደርሳል፤ እንደ ሏ፣ ሟና ሯ ያሉት ገና አልተቈጠሩም። እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ የሚቀበላቸው ሆሄያት 26 ብቻ መሆናቸውን የሰማ ሰው የእኛን ልጅ ሸክም ከመጠን ያለፈ አድርጎ ሊቈጥረው ይችላል። ነገር ግን ሸክሙ የሚመስለውን ያህል አይደለም። የካዕብ ምልክት በብዙዎቹ ሆሄያት ከወገብ በስተቀኝ ይወጣል፤ የሣልስ ከእግር ሥር ይቀጠላል፤ ኃምስ ደግሞ ከእግሩ ቀለበት ያበጃል። ስለዚህ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ቤን ያወቀ ልጅ ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሴን ለማወቅ እንደ አዲስ አይደክምም። የሚያስቸግሩት ሳድስና ሳብዕ ናቸው፤ መልካቸው ከሆሄ ወደ ሆሄ ስለሚለያይ አንድ በአንድ ካልተጠኑ በቀር በሥርዐት አይገኙም።

የእያንዳንዱ ምልክት ጠባይም ከላቲኑ የተለየ ነው። «ቡ» ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድነት የያዘ አንድ ምልክት ነው፤ በላቲን ግን ለተነባቢው አንድ፣ ለአናባቢው ሌላ ሆሄ ያስፈልጋል። ፒተር ዳንኤልስ የተባሉት አሜሪካዊ የጽሕፈት ሥርዐት ተመራማሪ እንዲህ ያለውን አጻጻፍ ለመሰየም ስም ሲፈልጉ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ከእኛው ፊደል ገበታ «አቡጊዳ» የሚለውን ቃል ወስደዋል። ዛሬ የሕንድ ፊደላት ሳይቀሩ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ በዚህ ስም ይጠራሉ።

የዚህ አጻጻፍ አንዱ ጥቅም ለሕፃን ጆሮ ቅርብ መሆኑ ነው። ልጅ ቃልን በክፍለ ቃል እየቈረጠ መስማት አይከብደውም። «ገበያ» በሉት፤ ሦስት ጊዜ እያጨበጨበ ገ - በ - ያ ይላችኋል፤ የሚጽፈውም ሦስት ፊደል ነው። እያንዳንዱን ተነባቢ ከአናባቢው ነጥሎ ስማ ቢባል ግን ይቸገራል። ስለዚህ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስና ራብዕ ብቻ ያሉባቸውን ቃላት መጻፍ ቶሎ ይለምዳል።

አዳጋቹ ሳድስ ነው። ሳድስ አንዳንድ ጊዜ ቀጭን አናባቢ ይዞ ይነገራል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አናባቢ የሌለው ባዶ ተነባቢ ይሆናል፤ ምልክቱ ግን አይለወጥም። «ትምህርት» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፤ አናባቢ የሚሰማው ግን በሁለቱ፣ በመጀመሪያው «ት» እና በ«ህ» ላይ ብቻ ነው። ክፍለ ቃልን በጭብጨባ የሚቈጥር ልጅ ሁለት ጊዜ ብቻ አጨብጭቦ አምስት ፊደል መጻፍ አለበት። ከዚህም በላይ ብዙ ሰው በንግግር «ትምርት» ስለሚል «ህ»ን ጨርሶ አይሰማትም። እንግዲህ አንድ ልጅ «ትምርት» ብሎ ቢጽፍ አልሰማም ማለት ነውን? አይደለም፤ በሚገባ ሰምቷል። የጐደለው ቃሉ ከግዕዝ «ተምህረ» የወረሰውን የታሪክ ዕዳ ማወቅ ነው። ይህም በጆሮ ሳይሆን በዐይን፣ በተደጋጋሚ ንባብ የሚገኝ ዕውቀት ነው። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በአማርኛ አንድ ዐይነት ድምፅ ስላላቸው የሚያስከትሉት ችግር ከዚሁ ወገን ነው፤ እናንተም ብትሆኑ ዛሬም የምትቸገሩበት ስለ ሆነ ማብራሪያ አይሻም።

ፊደሉ የሚተወውም ነገር አለ። መጥበቅና መላላት አይጻፍም። «ገና» ሲላላ «እስካሁን» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። «ይበላል» ሲላላ የሚበላውን፣ ሲጠብቅ የሚበላውን እየተባለ ይነገራል፤ ይህ ዐረፍተ ነገር ራሱ ድምፅ ካልተሰማ በቀር ምንም እንደማይገልጽ ልብ በሉ! አንደኛው ምግቡን የሚያነሣው ሰው፣ ሁለተኛው ራሱ ምግቡ ነው። ለጸሓፊው ልጅ ይህ ዕረፍት ነው፤ የማይጻፍ ነገር አያሳስተውምና። ለአንባቢው ልጅ ግን ሸክም ነው።

አሁን ወደ ጉራጌ ቤት እንግባ። «ጉራጌኛ» የሚለው ስም አንድ ቋንቋ ያለ ያስመስላል፤ እውነቱ ግን በዚህ ስም የሚጠሩት አነጋገሮች ብዙ መሆናቸው ነው። በወልቂጤ ዙሪያ ቸሃ፣ እዣ፣ ጉመር፣ እነሞርና ሌሎቹም የሰባት ቤት አነጋገሮች ይሰማሉ። ከቡታጅራ አካባቢ መስቃን፣ ከእርሷም በስተሰሜን ክስታኔ ይነገራሉ፤ ስልጥኛም ጎረቤት ነው። በስተምሥራቅ ያለው የማረቆ ሕዝብ ቋንቋ ደግሞ ከነጭራሹ የሴም ወገን ሳይሆን የኩሽ ነው። በቡታጅራ ገበያ በአንድ ጥዋት ከአራት በላይ ቋንቋዎች ቢሰሙ የሚደነቅ ሰው የለም። አንዳንዱ ልጅ በመድረሳ የዐረብን ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ እየጻፈ፣ በትምህርት ቤት የግዕዝን ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ይጽፋል። በከተሞቹ ውስጥ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አማርኛን ብቻ የሚናገሩ ልጆችም ብዙዎች ናቸውና ሁሉም ልጅ በአንድ ሚዛን አይመዘንም።

የቸሃን አነጋገር ምሳሌ አድርገን እንውሰድ። ሁላችሁም የምታውቁት ቃል አለ፤ «ክትፎ»። ቃሉ ከተፈ ከሚለው ግሥ የወጣ፣ ከጉራጌ ቤት ወደ መላው ኢትዮጵያ የተሠራጨ ነው። የወልቂጤ ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ በፊት ምናልባት «ክትፎ ቤት» የሚለውን ማስታወቂያ በመንገድ ዳር አይቶ ይሆናል። ይሁን እንጂ እናቱ ስትናገር የመጨረሻው ድምፅ «ፎ» አይደለም። ከንፈር ሞጥሞጥ ብሎ «ፈ» ይነገራል፤ እንደ «ጐ» ያለ፣ ግን በ«ፈ» ላይ የተደረገ ዲቃላ ነው። አሁን እርሳስ አንሡና ይህን ድምፅ በአማርኛ ፊደል ለመጻፍ ሞክሩ። «ፎ» ብትሉ አናባቢው ይለወጣል፤ «ፏ» ብትሉ ራብዕ ይሆናል፤ «ፉወ» ብትሉ አንዱን ሁለት ታደርጉታላችሁ። አማርኛ የ«ቀ»፣ የ«ከ»፣ የ«ገ»ን ዲቃላ በግዕዝ መልክ ይጽፋል፤ የ«መ»፣ የ«በ»፣ የ«ፈ»ን ግን አያውቅም። ቸሃ ያውቃል። ለእነዚህ ድምፆች የተበጁት ፊደላት ᎀ፣ ᎄ፣ ᎈ ናቸው፤ ስለዚህ ቃሉ ክትᎈ ተብሎ ይጻፋል።

እንሰትን ደግሞ ቸሃዎች በመጀመሪያው ፊደል ከፍቶ በማይናገር አናባቢ «ኧሰት» ይላሉ። በአማርኛ «አ» ግዕዝ ቢሆንም የሚነበበው እንደ ራብዕ ነው፤ እውነተኛው የግዕዝ ድምፅ በ«ኧረ» ውስጥ ብቻ ብቅ ስለሚል «ኧ» በብዙዎቹ ገበታዎች ላይ እንኳ ቦታ የለውም። የቸሃ ልጅ ግን ይህን ድምፅ የሚፈልገው ለመደነቅ ሳይሆን ስለ ጓሮው ተክል ለመጻፍ ነው።

ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። በአማርኛ ወንዱን «ውሰድ» ስንል ሴቲቱን «ውሰጂ» እንላለን፤ «ክፈት» ደግሞ «ክፈቺ» ይሆናል። «ደ» ወደ «ጀ»፣ «ተ» ወደ «ቸ» የተለወጠው የሣልስ አናባቢ ወደ ላንቃ ስለ ሳበው ነው። «ውደቅ» ስንል ግን «ቀ» አይለወጥም፤ «ውደቂ» ብለን አናባቢውን ብቻ እንቀጥላለን። ቸሃ ይህን ሕግ አስፍቶታል። ወንዱን «ውጠቅ» ይለዋል፤ ሴቲቱን ሲያዝ አናባቢ አይቀጥልም፤ ራሱ የመጨረሻው «ቅ» ወደ ላንቃ ተስቦ ይለሰልሳል። «ታገሥ» ለማለት ወንዱን «ፍረኽ» ሲል፣ ለሴቲቱ የሚለሰልሰው «ኽ» ነው። የጾታው ልዩነት ያለው በዚያች በአንዲቷ ተነባቢ ጠባይ ላይ ብቻ ነው። በአማርኛ ፊደል ሁለቱም «ውጠቅ»፣ ሁለቱም «ፍረኽ» ተብለው ይጻፋሉ። በአፍ ፈጽሞ የማይደባለቁት ወንድና ሴት በወረቀት ላይ አንድ ይሆናሉ። ለለሰለሰው ድምፅ የተበጀውን ፊደል ስንጠቀም ግን ውጠቅ እና ውጠⷅ፣ ፍረኽ እና ፍረⷕ እየተባሉ ይለያሉ። ከዚህ በኋላ «የአንድ ፊደል ልዩነት ምን ይጠቅማል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ፣ ልጁ ለእኅቱ የጻፈው ትእዛዝ ለወንድሙ ሊደርስ እንደሚችል ማስታወስ ይበቃል።

በእነሞር ደግሞ በአፍንጫ የሚነገሩ አናባቢዎች አሉ፤ ለእነርሱም የአማርኛ ፊደል ምንም ምልክት የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። ይህ የጉራጌ ችግር የዛሬው የአማርኛ ችግር ባይሆንም፣ የጥንቱ የአማርኛ ችግር ነበር። ግዕዝ 26 ሆሄያት ብቻ ነበሩት። አማርኛ ወደ ጽሕፈት ሲመጣ በግዕዝ ያልነበሩ ድምፆችን ይዞ መጣ። ጸሓፍቱ «እነዚህ ድምፆች በፊደል ስለሌሉ ስሕተት ናቸው» አላሉም። «ሰ»ን ምልክት አክለው «ሸ»፣ «ተ»ን «ቸ»፣ «ነ»ን «ኘ»፣ «ከ»ን «ኸ»፣ «ዘ»ን «ዠ»፣ «ደ»ን «ጀ»፣ «ጠ»ን «ጨ» አደረጉ። ሰባቱ በ26ቱ ላይ ሲደመሩ 33 ሆኑ። የቸሃን የለሰለሰ «ቀ» ለመጻፍ በ«ቀ» ላይ ምልክት መጨመር ከዚህ የተለየ ሥራ አይደለም።

እንግዲህ ከቸሃ መንደር ወደ ወልቂጤ መጥቶ አንደኛ ክፍል የገባ አንድ ልጅ አለ እንበል። መምህሩ በአማርኛ የቃል ጽሕፈት ያጽፋሉ። ልጁ በደብተሩ ላይ ሦስት ዐይነት ስሕተት ቢሠራ፣ በቀይ የሚሰመርባቸው መስመሮች ይመሳሰላሉ፤ ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነው። «ቤት» ለማለት «ቢት» ቢጽፍ ቀለበቱን ረስቷል፤ ይህ የዐይንና የእጅ ነገር ስለ ሆነ በልምምድ ይድናል። «ትምርት» ቢጽፍ የሰማውን ጽፏል፤ የሚያድነው ንባብ ነው። «እንሰት» ሲባል «ኧሰት» ቢል፣ ወይም «በላ» በተባለበት «በናም» የሚለው የቤቱ ቃል እጁን ቢቀድመው ግን ፊደሉን አልሳተም፤ ቋንቋውን ነው የለወጠው። «ለ» በአማርኛ በሚሰማበት ቦታ ቸሃ «ነ» ወይም «ረ» የሚልባቸው ቃላት ብዙ ናቸውና ልጁ የሚያደርገው ዝውውር ሥርዐት ያለው ነው። የመጨረሻውን ስሕተት እንደ መጀመሪያው የሚቀጣ መምህር ልጁን «ጆሮህን አትመን» ብሎ ማስተማሩ ነው። ጆሮውን ማመን ያቆመ ልጅ ደግሞ የሚጽፈውን ቃል ከድምፁ መፈለጉን ትቶ፣ ከሰሌዳ መገልበጥን ይመርጣል። መገልበጥ ንጹሕ ደብተር ያስገኛል፤ ስለዚህም ወላጅንም መምህርንም ያታልላል። ልጁ መጻፍ አለመቻሉ የሚታወቀው ሰሌዳው ሲጠፋ ነው።

በመጥበቅ ረገድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቸሃ የማይጠብቅ አነጋገር ነው፤ ሌሎቹ «ብ»ን አጥብቀው «ሰበረ» የሚሉትን ቸሃ አላልቶና ድምፁን ለውጦ «ሰፐረ» ይላል። እዣ «ፐ»ን ያጠብቃል፤ ሙኽርና ክስታኔ እንደ አማርኛው «በ»ን ያጠብቃሉ። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅን ስለማያሳይ የቸሃው ልጅ በመጻፍ ላይ ከሌሎቹ አያንስም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ግን «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና» ጊዜው እንዲለይ ከክስታኔው ልጅ ይበልጥ ሊረዳ ይገባዋል።

በአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻፍን የሚማሩ ልጆች በሌላው ዓለም የሚገጥማቸውን ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በደቡብ አፍሪካ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ኢሲኮሳ የተባለውን ቋንቋ ይናገራሉ፤ የኔልሰን ማንዴላ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ይኸው ነበር። ቋንቋው በምላስ እየተጠቃ የሚወጡ፣ እኛ ፈረስ ስንነዳ ብቻ የምናሰማቸውን የመሰሉ ድምፆች አሉት። የውጭ አገር ሚሲዮናውያን በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ ቋንቋውን በላቲን ሲጽፉ፣ ሥራ የፈቱ መስለው የታዩአቸውን ሲ፣ ኪውና ኤክስ የተባሉትን ሆሄያት ለእነዚህ ድምፆች ሰጧቸው። ስለዚህ የኢሲኮሳ ልጅ ለቋንቋው ድምፆች ሁሉ መጻፊያ አለው፤ በዚህ ከቸሃው ልጅ ዕድለኛ ነው። ችግሩ በሌላ በኩል ይመጣል። ቋንቋው እንደ አማርኛ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና ግሡን አቀናጅቶ በአንድ ቃል ይናገራል። «እወድሃለሁ» ለማለት «ንዲያኩታንዳ» ይላል። በጆሮ ሲሰማ አምስት ክፍለ ቃል ነው፤ በላቲን ሲጻፍ ግን 13 ሆሄያት ይፈጃል። አንድ ድምፅ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሆሄያት ተቈጣጥረው ስለሚጻፍ፣ ልጁ የትኞቹ በአንድነት እንደሚነበቡ ለይቶ ካላወቀ በቃሉ መካከል ይጠፋል። ያንኑ ቃል በእኛ ፊደል ስንጽፈው 7 ምልክት ብቻ ሆኖ ይወጣል። በደቡብ አፍሪካ እነዚህ ልጆች ለረጅም ዘመን እስከ 3ኛ ክፍል ድረስ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከተማሩ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገሩ ነበር።

በአገራችን የነበረውን ጉዞ በአጭሩ እናስታውስ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በጊዜ ብዛት በ15 ቋንቋዎች ጽሕፈትን አስተምሯል፤ ሁሉም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። ስልጥኛ ከ15ቱ አንዱ ሲሆን የሰባት ቤት አነጋገሮች አልነበሩበትም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ በር ከፈተ። ከዚያ በኋላ ወላይትኛን፣ ሲዳምኛንና ሀዲይኛን የመሳሰሉ የደቡብ ቋንቋዎች ላቲንን መረጡ። የስልጤ ሕዝብ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የራሱን ዞን ካቋቋመ ወዲህም ስልጥኛ በግዕዝ ፊደል እየተጻፈ ቀጥሏል። በወልቂጤና በቡታጅራ ትምህርት ቤቶች ግን የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ ሆኖ ኖሯል።

ይህ ማለት በጉራጌ ቋንቋ የጻፈ የለም ማለት አይደለም። አቶ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ስለ ጉራጌ ገጠር ኑሮ ያዘጋጁትን ልብ ወለድ መጀመሪያ የጻፉት በቸሃ ነበር። ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት «የሺነጋ መንደር» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ታተመ። እኚሁ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1979 የጉራጌ ቋንቋዎችን የቃላት ምንጭ የሚያሳይ መዝገበ ቃላት በሦስት ቅጽ አሳትመዋል። መዝገቡ ለምሁር እንጂ ለሕፃን የተሰናዳ አይደለም፤ ድምፆቹም የተጻፉት በላቲን ምልክት ነው።

የፊደሉ ነገር ያስመዘገበው እርምጃ ግን ለሕፃኑም ይደርሳል። ኮምፒዩተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት ዩኒኮድ የተባለው ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ2005 ለሰባት ቤት አነጋገሮች የሚያገለግሉትን የከንፈርና የላንቃ ዲቃሎች በመዝገቡ ተቀበለ፤ ከላይ ያያችኋቸው ᎈ እና ⷅ ከእነዚያ መካከል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የጉራጌ ቋንቋዎችን ለመጻፍ በኋላ የተስተካከለውን አጻጻፍ ተከትለው 28 ተጨማሪ ፊደላት ተመዘገቡ። ፊደል በመዝገብ ባይኖር መጽሐፍ ማተም፣ በስልክ መልእክት መላክም ይቸግር ነበርና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ፊደሉ ቢገኝም መምህሩ የሚወስነው ነገር ይቀራል። በእኔ አስተያየት በአማርኛ በሚያስተምር ክፍል ውስጥ እንኳ ለልጁ የቤት ቃል ጥቂት ቦታ መስጠት ትምህርቱን አይጐዳም፤ ይረዳዋል። መምህሩ «ክትፎ» የሚለውን ቃል በሰሌዳው ግማሽ፣ ልጆቹ በቤታቸው የሚሉትን «ክትᎈ» በሌላው ግማሽ ጽፈው ሁለቱን ድምፅ አውጥተው ቢያነቡ፣ ልጆቹ ልዩነቱ የት እንዳለ በጣታቸው ያመለክታሉ። ድምፅን ከድምፅ ለይቶ መስማት ለጽሕፈት ዋናው መሣሪያ ስለ ሆነ፣ በአንዱ ቋንቋ የተሳለ ጆሮ በሌላውም ያገለግላል። ይህን ለማድረግ መምህሩ የአካባቢውን ቋንቋ ቢያውቁ ይመረጣል፤ ባያውቁም ልጆቹን «እናንተ ቤት ይህ ምን ይባላል?» ብለው መጠየቅ አያቅታቸውም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የትኛው አነጋገር ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የቸሃ፣ የእዣና የክስታኔ ልጆች አብረው ቢቀመጡና መምህሩ «ሰበረ»ን በየቤታችሁ አነጋገር ጻፉ ቢሉ፣ የቸሃውና የእዣው ልጅ ሁለቱም «ሰፐረ» ብለው ይጽፋሉ። ሲያነቡት አንዱ ያላላል፣ ሌላው ያጠብቃል፤ ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ በወረቀት ላይ አይጣሉም። የክስታኔው ልጅ ግን «ሰበረ» ብሎ ይጽፋል፤ ከአማርኛው ጋር ይገጥማል እንጂ ከጓደኞቹ ጋር አይገጥምም። ለሦስቱም አንድ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው «ፐ» ይጻፍ «በ» የሚለውን ከመጀመሪያው ገጽ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።